ከመከርከሙ በፊት

በጃንሆይ ዘመን ሐረር ፍርድ ቤት በታይፕ ጸሐፊነት ስሠራ ከሁሉም ፈጣን ነኝ እያልኩ እኮራ ነበር። ችኮላው ግን ካርቦኑን ገልብጬ እንዳስገባ ያደርገኛል፤ ቅጂው ባዶ ይሆንና ጽሑፉ በዋናው ወረቀት ጀርባ ላይ ይወጣል። ደግሜ ስጽፍ ሌላው ሥራ ይከመራል፤ ሲከመር የባሰ እቸኩላለሁ። የጤነኛ ሰው ኑሮ አልነበረም።

የተዘጉ መዝገቦችን ጀጎል ውስጥ ለሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጠራዥ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ዋና እንጀራቸው የእኛ ሥራ ነው። ወረቀቱን ሰፍተው በእንጨት መጭመቂያ ካጠበቁ በኋላ፣ ጠርዙን ከመከርከማቸው በፊት ቢላዋውን ያስቀምጣሉ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ያንቀላፉ መስሎኝ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«እጄ እስኪሰክን ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «አንዴ ከተቆረጠ ምን ይደረጋል?»

አንድ ቀን የቢሮው ኃላፊ መዝገቡን ከቀትር በፊት እንዳመጣ አዘዙኝ። ከሸዋ በር እየሮጥኩ ስደርስ ሽማግሌው ገና ዓይናቸውን መጨፈናቸው ነው።

«እባክዎ አባቴ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብዎ፤ እየተጠበቅኩ ነው።»

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ሰው ማሳፈር አይሆንላቸውም። «ቢስሚላህ» ብለው ቢላዋውን አነሡ። ቢላዋው ጠልቆ ገባና የየመስመሩን መጨረሻ ቃል በላው።

ኃላፊው በማግስቱ አስጠሯቸው። «ምን ነካዎት?» ሲሏቸው፣

«ጥፋቱ የእጄ ነው» አሉ። ወደ እኔ ቀና ብለው እንኳ አላዩም። ኃላፊው ሥራው ከዚያ ወዲያ ለሌላ ጠራዥ እንዲሰጥ አዘዙ። እኔ ከታይፑ ኋላ ተቀምጬ ሁሉንም እሰማለሁ። እውነቱን ለማውጣት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ፈራሁና ወረቀት ማስተካከል ያዝኩ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ የታይፑን ሽፋን ሳላነሣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጥቂት እቀመጣለሁ። የቢሮ ሰዎች ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። ካርቦን መገልበጥ ቀረ፣ ራስ ምታቴ ለቀቀኝ፣ ከባለጉዳይ ጋር መጨቃጨቅም ተውኩ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ አልተውኩትም። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ግን መጀመሪያ የምሰማው ያን ቀን ያልተናገርኩትን ነው፦ «ያጣደፍኳቸው እኔ ነኝ።»