ባሮ የበላው ዶቃ

ባለፈው ዓመት ሆላንድ የሚኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ፣ አንድ እሁድ ጠዋት «እማዬ፣ ዛሬ የጥንት ከተማ አሳይሻለሁ፤ ማታ እንመለሳለን» ብሎ በባቡር ሆርን ወደምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ወሰደኝ። ያምራል፣ አልዋሽም፤ የጡብ ቤቶቹ ሐሜት የሚያዳምጡ ይመስል ወደ መንገዱ ዘመም ብለዋል፣ ድሮ አይብ ይመዘንበት የነበረው ቤት ሳይቀር ይጎበኛል፣ የእንጨት መርከቦቹ ታስረው ይወዛወዛሉ፣ እኔም ጉልበቴን እያመመኝ «ግሩም ነው፣ ግሩም ነው» እላለሁ። ከወደቡ የሚመጣው የእርጥብ ገመድና የሬንጅ ሽታ ግን ከጠዋት ጀምሮ የልጅነቴን ወደብ እያስታወሰኝ ነበር። በኋላ አንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ መስኮት ላይ ሰማያዊ የመስተዋት ዶቃ በክር ተንጠልጥሎ አየሁ። ባለሱቋ፣ ድሮ በመርከብ ወደ አፍሪካ ይጫን የነበረ ነው አለችን። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ልጄ የደከመኝ መስሎት ውኃ ሊፈልግ ሮጠ።

ያደግሁት ጋምቤላ ነው፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ። አባቴ ከጎሬ ተዛውሮ የመጣ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበርና ቤታችን ከባሮ ወደብ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጣው መርከብ ገና ሳይደርስ ጢሱን አይተን እንሮጣለን፣ የሚወርደውን ጨውና ጨርቅ፣ የሚጫነውን የቡና ጆንያ እያየን በሰው እግር መሀል እንርመሰመሳለን። እናቴ የአገሩን ሙቀት አንድም ቀን ይቅር ብላው አታውቅም፤ ነጠላዋን ውኃ ነክራ ራሷ ላይ ጣል ታደርግና «ጎሬ ይሄኔ ጉም ነው» ትላለች፣ ደግማም ትላለች፣ አባቴም በጋዜጣው ራሱን ያራግባል።

ከአጥራችን ቀጥሎ የአኙዋክ ጎረቤቶቻችን ግቢ ነበር፤ የጭቃው ግድግዳ በጣት በተሳለ ጌጥ ያማረ፣ ደጁ ላይ የባሮ ዓሣ ተሰንጥቆ የሚደርቅበት። የዚያ ቤት ልጅ አጁሉ ጓደኛዬ ናት፤ አራተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የምንቀመጠው። አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ሆኖ ሳለ፣ እኔ የአማርኛ ባለቤት ነኝ ባይዋ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ስንተፋተፍ እሷ ገጹን ጨርሳ ትጠብቀኛለች። ከሰዓት በኋላ ማንጎው ጥላ ሥር እንቀመጥና እሷ ታነባለች፣ እኔ ማንጎ እየጋጥኩ እሰማለሁ። መምህራችን «ይህች ልጅ አስተማሪ ትሆናለች» ሲል ቀናሁ እንጂ አልከፋኝም፤ አስተማሪ ሆና እኔን ስታስተምረኝ ይታየኝ ነበርና።

ነገሩ የመጣው በዘውድ በዓል ነው። ጥቅምት ላይ፣ ወንዙ ገና ሳይጎድል፣ እኛ ተማሪዎች አውራጃ ገዢው ፊት ልንዘምር ተመረጥን፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ታይታ እወዳለሁ። አጁሉ አንድ ቀን እናቷ እንስራ ውስጥ የምታስቀምጠውን ሰማያዊ ዶቃ አሳይታኝ ነበር፤ ዲሙይ ይሉታል። እሱን ካላጠለቅሁ አልዘምርም ብዬ ለመንኳት፣ አኮረፍኳት፣ አለቀስኩባት። «የሰርግ ነው፤ የወንድሜ ነው» ብላኝ ነበር፣ ይህን አልክድም። በመጨረሻ አሳዘንኳትና እናቷ ወንዝ ስትወርድ አውጥታ ሰጠችኝ።

ዘመርኩ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ከዚያ እንደ ወይዘሮ እየተንቀባረርኩ መርከብ ለማየት ወደ ወደቡ ሄድኩ። ጠርዙ ላይ ጎንበስ ስል ያ ያረጀ ክር ተበጠሰና ዶቃው ተራ በተራ ቡናማው ውኃ ውስጥ ገባ። አብራኝ የነበረችው አጁሉ ከነልብሷ ዘላ ገባች፤ ዋና እንደ ዓሣ ነው የምትችለው፤ ጠልቃ ወጣች፣ ጠልቃ ወጣች፣ እጇ ላይ ጭቃ ብቻ። እኔ ዳር ቆሜ እሪ እላለሁ።

እናቴ ስትጠይቀኝ «ራሷ ናት አምጥታ የሰጠችኝ፤ እኔ መች ጠየቅኋት» አልኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። አጁሉ አጠገቤ ቆማ ሰማችኝና ቀሚሷን እየጨመቀች ወደ ቤቷ ገባች።

እናቴ ደግ ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማረው፤ ወዲያው ከሐጂ ሱቅ ሄዳ ካለው ዶቃ ሁሉ የሚያብለጨልጨውን፣ ቀዩንም ቢጫውንም፣ በጠፋው እጥፍ ገዝታ፣ ስኳር ጨምራበት ጎረቤት ወሰደች። የአጁሉ እናት በሁለት እጇ ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ከጎኗ አስቀመጠችው። እናቴም «ደስ አላቸው፣ እንዲያውም የኛው ይበልጣል» እያለች ተመለሰች።

በማግስቱ አባቴ ከመሥሪያ ቤት ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። የጉምሩኩ አስተርጓሚ ነግሮታል፤ ዲሙይ በሱቅ አይገኝም፣ የሚሠራው ሰው የለም፣ ከአያት የመጣው ነው ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው፤ የሴት ልጅ ጥሎሽ ሆኖ ይገባል፣ ለወንድሟ ሚስት ጥሎሽ ሆኖ ይወጣል። የአጁሉ ወንድም ኦባንግ ያንን ይዞ በበጋው ሊያገባ ነበር። አሁን ሌላ ዲሙይ ወደዚያ ቤት የሚገባበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአጁሉ መዳር ነው። እናቴ «እኔ ደግሞ ስኳር ይዤ!» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ ሄዶ የአጁሉን አባት እንዳይድራት ለመነ፤ ሰውዬው በትሕትና አዳመጠውና «ልጅቷ ራሷ ነች የሰጠችው» አለው። እኔ በር ሥር ቆሜ እሰማ ነበር። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ምን ይለወጥ እንደነበር አላውቅም፤ አለመክፈቴን ግን አውቃለሁ።

ከገና በኋላ አጁሉ ትምህርት ቤት መምጣት ተወች። ከኢታንግ ወዲያ ላለ፣ ዲሙይ ላለው ጎልማሳ ተዳረች፤ በታንኳ ሲወስዷት ዳር ድረስ ሸኘኋት። ይቅርታ ልላት ፈልጌ የታንኳውን ጠርዝ ይዤ አለቀስኩ። «አልተቀየምኩሽም» አለችኝ፤ «ወንድሜ ማግባት አለበት።» ዴስኩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ፤ የሚያነብልኝ ጠፋና በግድ ማንበብ ተማርኩ፣ ኋላም እኔው አስተማሪ ሆንኩ።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ ኢታንግ ሄጄ ገበያው መሀል አንዲት ሴት ስሜን ጠርታ አቀፈችኝ፤ አጁሉ ነበረች፣ ልጅ ታቅፋለች፣ ያው ሳቋ ነው። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፣ መሞቷን ስነግራት አለቀሰችላት፤ ኦባንግ አምስት ልጆች አሉት አለችኝ። ሁለታችንም ስለ ዶቃው አላነሳንም። ልንለያይ ስንል ከቀሚሷ ጫፍ የታጠፈ ወረቀት ፈታ ሰጠችኝ፤ ከክሊኒክ የተሰጣት የልጇ መድኃኒት ማዘዣ ነው።

«ፊደሉ ጠፍቶብኛል» አለችኝ፣ እንደ ተራ ነገር። «አንቺ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ። አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። አጁሉ አፌን እያየች ሰማችኝና፣ ትከሻዬን መታ አድርጋ «ጎበዝ ሆነሻል» አለችኝ፤ ከልቧ ነበር ደስ ያላት።