ቨርና በባህር ላይ የጠራችው ስም

ቨርና የአሳማ አርቢ ልጅ ናት። ከመሃል አገር ወደ አሜሪካዋ ሜይን ግዛት የባህር ጠረፍ ያመጣት ባሏ ሜርል ነበር፤ እሱ ታሞ ሲሞት ጀልባውና ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባህር እንስሳ የሚይዝባቸው ወጥመዶቹ ለእሷ ቀሩ። «ሽጪውና አገርሽ ግቢ» አላት ወደቡ ሁሉ። ወይ ፍንክች! የሜርልን ቢጫ ቀለም የተቀቡ ተንሳፋፊ ምልክቶች ከወጥመዶቹ ጋር አስራ ባህር ላይ ጣለች።

በማግስቱ ሄዳ ብታይ፣ በየምልክቱ አናት ላይ ገመድ ሁለት ጊዜ ተሸምቅቆ ታስሯል። በዚያ ወደብ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቢላዋ ነው። ገመዱ ከተቆረጠ ወጥመዱ እዚያው ባህር ውስጥ ቀልጦ ይቀራል። ያሰረውን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ የወደቡ አውራ ሽማግሌው ሃርላን ነው።

ደሟ ፈላ። ሃርላን ከሰዎቹ ጋር ወጥመድ ሲጠግን ሄዳ ፊቱ ተገተረች።

«አጎቴ ሃርላን፣ በሐምሌው የጀልባ እሽቅድምድም ከቀደምኩዎት ያሰሩትን በገዛ እጅዎ ይፈታሉ?»

«ብትሸነፊስ?»

«ወጥመዴን ለቅሜ እሄዳለሁ።»

«በይ እንግዲያው ሻንጣሽን አዘጋጂ፣ ልጄ!»

ሰዉ አውካካ።

ኧረ ያ የውድድር ቀን! ዳርቻው በሰው ጢም ብሏል፤ ሎብስተሩ በባህር ውሃ ይቀቀላል፣ ቅቤው ይቀልጣል፣ ልጆች ይንጫጫሉ። ጥይት ተተኮሰ! ሃርላን ተፈተለከ። ቨርና ሞተሯ እያጓራ፣ ውሃው ፊቷን እየገረፋት ደረሰችበት። ጎን ለጎን ሆኑ! መጨረሻው ሲቃረብ ግን ሽማግሌው ትንሽ በትንሽ ቀደማት። ይባስ ብሎ ዞር አለና ባርኔጣውን አውለበለበላት።

ያኔ ሜርል ትዝ አላት። የዚያ ወደብ አጥማጅ ጀልባው ላይ ሳለ አባቷ የሚያረባውን እንስሳ ስም ከሰማ ገዱ ተበላሸ ማለት ነው፤ ያለ ክርክር ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሙሽራ ሳለች ባህር ላይ ስለ እነዚያው እንስሳት ስታወራበት፣ ምስኪን ሜርል ባዶ እጁን ገብቷል።

አንገቷን አሰገገች። «አሳማ!» ብላ ጮኸች። «አሳማ! የአባቴ ወፍራም አሳማ!»

ሃርላን ክው አለ። ሳያስበው እጁ መሪውን አዞረው፤ ጀልባው ከመጨረሻው ምልክት አፍንጫ ሥር ተጠማዝዞ ወደ ቤት! ቨርና ብቻዋን ሰንጥቃ አለፈች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

«ማጭበርበር ነው!» እያለ ወረደ ሃርላን።

«መሪዎን እኔ አዞርኩት እንዴ?»

ሽማግሌው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ሳቅ ቀደመው። ማዕድ ላይ ሲቀመጡ አንድ ትልቅ ሎብስተር ሰብሮ ሰጣት።

«ልጅ ሳለሁ ይሄ የድሃ ምግብ ነበር» አላት። «ትምህርት ቤት ዳቦዬ ውስጥ ደብቄ ነበር የምበላው። የገበሬ ልጆች የዚያን እንስሳ... የዚያን ነገር ሥጋ ሲበሉ በምቀኝነት አርር ነበር። ይኸው ዛሬም በእሱ ጉድ ሆንኩ!»

በነጋታው ገመዱን አንድ በአንድ ፈታ። ወደቡ ግን አሁንም «እንግዳዋ» ነበር የሚላት።

በዓመቱ፣ ከበረዶው ወራት በኋላ ባህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ ባለበት ጠዋት፣ ቨርና ወጥመድ ከምራ ደስ ብሏት ስትወጣ ሃርላን በጀልባው ተጠጋት።

«ቨርና!»

«አቤት አጎቴ!»

«አሳማ!»

ልትስቅ ነበር። ሳቁ አልመጣም። ያ ሁሉ ወጥመድ እንደተከመረ፣ ያንን የመሰለ ባህር ትታ፣ የአሳማ አርቢዋ ልጅ መሪዋን ወደ ቤት አዞረች።

«ተመለሰች!» ሲል ሰማችው ከኋላዋ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ይፈነድቃል። «እናንተ ሰዎች፣ ቨርናችን እንደ እኛው ተመለሰች!»

እሱም ያንን የእንስሳ ስም ጀልባው ላይ ጠርቷልና የዚያን ቀን ሥራ የለውም። ተከትሏት ገባ።