ዘይት የማትወድ ሞተር

የባለቤቴ አባት ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲሠሩ በስማቸው የጠራቸው የሰዓት ተቆጣጣሪው ብቻ ነው ይባላል። ሌላው ሁሉ «ጋሽ ሚሊ» ነው የሚላቸው። ቶርኖ ላይ ቆመው ብረት ሲልጉ አንድ ሚሊ ሜትር ለእሳቸው ሜዳ ናት፤ «ግማሽ ሚሊ ብትተርፍ ምን አለበት?» ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲመከር ይውላል። ልጃቸውን ባገባሁ በሳምንቱ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን የሠርጋችንን ፎቶ ከበር ላይ ቆመው አዩና «በስተግራ ሦስት ሚሊ ወርዷል» አሉኝ። ሲሄዱ ጠብቄ ለካሁት፤ ሦስት ነው። ፎቶው ዛሬም ሦስት ሚሊ እንደወረደ ነው፣ እኔም እልኸኛ ነኝ።

ሌላው መሐረብ እንደሚይዘው እሳቸው ደግሞ አፏ የሾለ፣ አውራ ጣት የምታህል የዘይት ቆርቆሮ ከኪሳቸው አትለይም። የሚንቀሳቀስ ነገር ካዩ ጠብ ያደርጉበታል። የቤታችን በር ማጠፊያ ሁሉ ድምፅ ከረሳ ቆይቷል፤ ሌባ ቢገባ የምንሰማው ዕቃው ካለቀ በኋላ ነው።

ጡረታ የወጡ ሰሞን ግን ሰውዬው ሟሸሹ። በሥራ ሰዓታቸው ይነሱና ቱታቸውን ለብሰው በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። የፋብሪካው ሰርቪስ ሲያልፍ በዓይናቸው ይሸኙትና ገብተው ቱታውን ያወልቃሉ። የምንኖረው አንድ ግቢ ስለሆነ ይህን በየቀኑ አያለሁ። አንድ ቀን ባለቤታቸው፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ጥግ አስይዘው «ይኼ ሰውዬ ተቀምጦ ሊሞትብኝ ነው። አንተ የተማርክ አይደለህ? አንድ ነገር አድርግ እንጂ» አሉኝ። የተማርኩስ ነኝ፣ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በር ላይ ለተቀመጠ አማት የሚሆን ቀመር ግን ማንም አላስተማረኝም።

ያገኘሁት መላ የትምህርት ቤታችን ቁም ሳጥን ውስጥ ብርጭቆዋ ተሰብሮ የተቀመጠች አንዲት መጫወቻ ነበረች። መዳፍ የምታህል የሙቀት ሞተር ናት። ነዳጅ አትጠጣም፣ ጭስ አታወጣም፤ የፈላ ውሃ የያዘ ኩባያ አፍ ላይ ትቀመጥና ትዞራለች። ትዞራለች የሚለው ወረቀቷ ነው እንጂ እኔ አይቻት አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ሙቀት ወደ እንቅስቃሴ ይለወጣል» እያልኩ በጠመኔ ሳስተምር፣ ሲለወጥ ለአንድም ተማሪ አሳይቼ አላውቅም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ጋሽ ሚሊ ሦስት ቀን አገላብጠው አዩአት። በአራተኛው ቀን «የሠራት ሰው ቸኩሏል» አሉ። «ይቺ አትጠገንም፤ አዲስ ነው የምሠራው።»

የታችና የላይ ሰሌዳዎቿ ከአሮጌ የድስት ክዳን ተቆረጡ። በመካከላቸው ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተቆረጠ ቀለበት ገባ፣ ቀለበቱ ውስጥ ደግሞ ከዕቃ ማሸጊያ ፎም የተቀረጸች ቀላል ክብ ነገር ከፍ ዝቅ ትላለች። ላይዋ ላይ ከሐኪም የብርጭቆ መርፌ የተቆረጠ ቱቦ ቆመ፤ ቱቦው ውስጥ የሚመላለሰው ፒስተኗ ከተቃጠለ ሞተር በወጣ ካርቦን ተላገ፤ ጎማዋ የልጄ የተጫረ ሲዲ ሆነ። አሠራሯ ሲያስረዱት ቀላል ነው። ከታች የሞቀው አየር ይለጠጥና ፒስተኑን ወደ ላይ ይገፋዋል። ፎሟ ወርዳ አየሩን ወደ ቀዝቃዛው የላይ ሰሌዳ ስታባርረው ይኮማተራል፣ ፒስተኑም ይመለሳል። ሲያስረዱት ነው ቀላል ያልኩት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የጋሽ ሚሊ እንቁላል አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀበት። እራት ስንቀርብ እትዬ «ዛሬስ ዞረች?» ይላሉ። «አልዞረችም» ይላሉ እሳቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው። «ላም አለኝ በሰማይ» ይሏቸዋል። ጋሽ ሚሊ ከሳህናቸው ግማሹን ትተው ይነሳሉ።

አልዞር ያሉትን ግን አልጣሏቸውም። መደርደሪያ ላይ አሰልፈው በእያንዳንዷ ሥር የጥፋቷን ዓይነት በእርሳስ ጽፈው ለጥፈዋል፦ «ትንፋሽ ታወጣለች»፣ «ጎማዋ ከበደ»፣ «ክንዷ አንድ ሚሊ ረዘመ»። ዘጠነኛዋ ሥር «ምክንያቱ አልታወቀም፤ ይቅርታ» ይላል። ማንን ይቅርታ እንደጠየቁ ጠይቄያቸው አላውቅም። አሥራ ስድስተኛዋ ሥር ያለው ወረቀት ከሁሉም ያንሳል፦ «ዘይት አትወድም።»

ይቺን ሁለት ቃል መጻፍ ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። ካርቦን ብርጭቆ ውስጥ ደረቁን ሲሆን በራሱ ይንሸራተታል። ዘይት ከነካው ግን ይያዛል፣ የአንድ ኩባያ ውሃ ሙቀት ደግሞ ጉልበቱ የትንኝ ነው፣ ያን አያላቅቅም። ዕድሜ ልካቸውን ዘይት ሲያጠጡ የኖሩ ሰው ዘይት የማትወድ ማሽን ስትገጥማቸው እንደተከዳ ሰው ነበር ያኮረፉት። አሥራ ሰባተኛዋን ደረቋን ሠሯት፤ ዞረች። እትዬ ያን ቀን «ላም አለኝ» አላሉም፤ ወንበራቸውን ስበው ውሃው እስኪበርድ ድረስ ሲያዩአት ቆዩ።

ትምህርት ቤታችን ጓሮ የእጅ ሥራ ትምህርት ከቀረ ወዲህ የተዘጋ ክፍል አለ። ውስጡ አንዲት ትንሽ ቶርኖ፣ ሁለት የብረት መያዣ ሞርሳና ብዙ አቧራ ነው ያለው። ጋሽ ሚሊ እዚያ ሆነው ልጆቹን ሞተር ያሠሯቸው ብዬ ርዕሰ መምህሯን ጠየቅኳት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ስልሳ የተሰባበሩ ወንበሮች አሉባት፣ ለእነሱም ያሰበችው ያንኑ ክፍል ነው።

«ዲፕሎማ አላቸው?» አለችኝ።

«ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆሙት።»

ትንሽ አሰበች። «እሺ፣ ማክሰኞ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያሳዩ፤ እኔም ገብቼ አያለሁ። ልጆቹ ቁም ነገር ከተማሩበት ክፍሉን ውሰዱት። ካልሆነ ዓርብ ወንበሮቹ ይገባሉ።»

ለጋሽ ሚሊ ስነግራቸው «ቶርኖዋ ትሠራለች?» ብቻ አሉ። ከዚያ ሦስት ቀን እጃቸውን በሳሙናና በአሸዋ ሲያሹ ሰነበቱ። የሠላሳ ሁለት ዓመት ጥቁረት በሦስት ቀን አይለቅም፤ እሳቸውም ያውቁታል፣ ግን አሹት። እኔ ግን የፈራሁት በር ላይ ያለውን ወንበር ነው። ይህ ነገር ከከሸፈ እዚያ ተመልሰው እንደሚቀመጡ፣ ዳግመኛም እንደማይነሱ ታውቆኛል።

ማክሰኞ ጠዋት ሞተሯ ቤት ውስጥ ሰባት ጊዜ ተሞክራ ሰባት ጊዜ ዞረች። ጋሽ ሚሊ ሙሉ ልብስ ለበሱ፤ እትዬ ክራቫት አሰሩላቸው። ትምህርት ቤት ስንደርስ እኔ የፈላውን ውሃ በፔርሙዝ ላመጣ ሄድኩና እሳቸው ላቦራቶሪው ውስጥ ከሞተሯ ጋር አምስት ደቂቃ ብቻቸውን ቆዩ። ጉዱ የመጣው ከዚያች አምስት ደቂቃ ነው።

አርባ ስድስት ተማሪዎች ገቡ፣ ርዕሰ መምህሯ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ውሃው ኩባያው ላይ ፈሰሰ፣ ሞተሯ ተቀመጠች። ጋሽ ሚሊ አንድ ደቂቃ ጠብቀው ጎማዋን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ሁለት ዙር ዞራ ቆመች። ደግመው ነኩ፤ አንድ ዙር። በሦስተኛው ምንም። ከመሃል አንዱ ሳቀ፣ ሳቁ ተዛመተ። ርዕሰ መምህሯ ሰዓቷን አየች።

እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ልጆች፣ ችግሩ ውሃው ነው፤ መንገድ ላይ በርዷል» አልኩ። ውሃው እንፋሎቱ እየጨሰ ነበር።

«ውሃው ምንም አልሆነም» አሉ ጋሽ ሚሊ።

ጎንበስ ብለው ፒስተኗን በጣታቸው ነኩ፣ ጣታቸውን ከአውራ ጣታቸው ጋር አሹት፣ አሸተቱት። ያን ጊዜ የነበረውን ፊታቸውን ባላየው ይሻለኝ ነበር። እጃቸው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ገብቶ የዘይቷን ቆርቆሮ ይዞ ወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

«ዘይት ነው» አሉ። «ማን እንዳደረገው ልንገራችሁ፤ እኔው ነኝ። ይቺ ሞተር ዘይት እንደማትወድ አውቃለሁ፣ ጽፌዋለሁ። ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት ማሽን ከማስነሳቴ በፊት ዘይት ጠብ ሳላደርግ ቀርቼ አላውቅም። ቅድም ብቻዬን ስሆን ፈራሁ፤ እጄ የለመደውን አደረገ። አስተማሪያችሁ ውሃው ነው ያለው ለእኔ አዝኖ ነው። ውሃው ደህና ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። ርዕሰ መምህሯ ተነስታ ወጣች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ሰውዬው ለሞተሯ ደግ ሊሠሩ ሲሉ ክፍሉን አጡት ብዬ ቆረጥኩ። እሳቸው ግን በሩን እንኳ አላዩም። ሞተሯን መፍታት ጀምረዋል።

ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች፤ በእኔ ክፍለ ጊዜ ዓይኗ ሁልጊዜ መስኮት ላይ ነው። እጇን አወጣች። «አባባ፣ ዘይት እኮ ማሽን ያለሰልሳል። እንዴት አድርጎ ይይዛታል?»

«ነይ» አሏት። ብርጭቆውን ከነፒስተኑ ነቅለው ሰጧት። «ቀጥ አድርገሽ ያዢውና ፒስተኑን ልቀቂው።»

አልወረደም፤ ተጣብቆ ቀረ። ከመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን አልኮልና ጥጥ አመጣሁላቸው። ጥጡን «ክሩ ውስጡ ይቀራል» ብለው መለሱልኝና የክራቫታቸውን ጫፍ አልኮል ውስጥ ነክረው ብርጭቆውን በውስጡ፣ ፒስተኑን በዙሪያው ወለወሉ። ክራቫቱ እንደ ከሰል ጠቆረ።

«አሁን የታችኛውን ቀዳዳ በጣትሽ ዝጊና ልቀቂው።»

ፒስተኑ መሃል ላይ ተንሳፎ ቆመ።

«ምን ያዘው?»

«አየሩ» አለች ልጅቷ።

«ጣትሽን አንሺ።»

ሸርተት ብሎ ወረደና መዳፏ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ክፍል መሆኑ ቀረ፤ ሁሉም «እኔም ልሞክር» ብሎ ጠረጴዛውን ከበበ። ደወል ተደወለ፣ የሰማው የለም። ጋሽ ሚሊ ሞተሯን ገጠሙ፣ እኔ ከፔርሙዙ የቀረውን ውሃ ገለበጥኩ። ያን ቅድም የዋሸሁበትን የውሃ መብረድ አሁን የምሬን ፈራሁት። ልጅቷ ጎማዋን ነካች። ዞረች። ቀጠለች። ድምፅ የላትም፤ ሲዲው ብቻ የመስኮቱን ብርሃን ጣሪያው ላይ እየበተነ ይሽከረከራል። የሳቀው ልጅ ዙሯን መቁጠር ጀምሮ ሁለት መቶ ላይ ተሳሳተ።

ርዕሰ መምህሯ የተመለሰችው የሚቀጥለው መምህር «ልጆቹን ከለከሉኝ» ብሎ ከሶን ነው። በሩ ላይ ቆማ ሞተሯን አየች። እኔንም እሳቸውንም አልጠየቀችም፤ ልጅቷን «ቅድም ምን ሆና ነው?» አለቻት።

ልጅቷ ሁሉንም ነገረቻት። ዘይቱን፣ አየሩ ሞቆ እንዴት እንደሚገፋ፣ በርዶ እንዴት እንደሚመለስ፣ ጉልበቱ ለምን ትንሽ እንደሆነ፣ ትንሽ ጉልበት ለምን ትንሿን ጠብታ እንደማያሸንፍ። አሥራ አራት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነው፤ ከተማሪ አፍ በራሷ ቃል ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ዞር ብዬ ጠመኔዎቹን የማስተካክል መሰልኩ።

ርዕሰ መምህሯ ሰምታ ስትጨርስ «ወንበሮቹን ሌላ ቦታ ልፈልግላቸው» አለች። ወደ ጋሽ ሚሊም ዞራ «ጋሼ፣ የዚያ ክፍል ቁልፍ ዝጓል፣ አይዞርም። ትንሽ ዘይት ሳይፈልግ አይቀርም» አለቻቸው።

ጋሽ ሚሊ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ቆርቆሮ አንስተው ተከተሏት።

እኔ ብሆን ያን የውሃ ውሸት ተጠግቼ እተርፍ ነበር። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በስተርጅና፣ አርባ ስድስት ልጅ እየሳቀበት «እኔ ነኝ» የሚል ሰው ከእሳቸው በፊት አላየሁም። ይህን ፊት ለፊት ነግሬያቸው አላውቅም፤ ቢሰሙኝ የሠርጉን ፎቶ ያነሱብኛል።

ቁልፉን ከፍተው ሲመለሱ ቆርቆሯን እጄ ላይ አኖሩ። «ልጆች ባሉበት ቀን እንዳትሰጠኝ፣ ብለምንህም» አሉኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩባት።

ክፍሉ ተጠርጎ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ልጆች ሊገቡ አሥር ደቂቃ ሲቀር ጋሽ ሚሊ መጡብኝ። «አምጣት።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ—»

«አምጣት አልኩህ።»

ሰጠኋቸው። አሥራ ሰባተኛዋን፣ ደህናዋን ሞተር ጠረጴዛው መሃል አስቀመጡ፣ ጎንበስ አሉና ፒስተኗ ላይ አንዲት ጠብታ ጠብ አደረጉ። ቆርቆሯን መልሰው ሰጡኝ። «ውሃውን ቅዳ። ሲገቡ እንዳትነግራቸው፤ ራሳቸው ይድረሱበት።»

የዚያን ዕለት እራት ቀርቦ እትዬ እንደ ልማዳቸው «ዛሬስ ዞረች?» አሉ።

«አልዞረችም» አሉ ጋሽ ሚሊ። «አርባ ደቂቃ ሙሉ አልዞረችላቸውም።» ባዶ ሳህናቸውንም ለጭማሪ ዘረጉላቸው።