ሁለቴ አፉ ያልኩት

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለሼኼም አልነገርኩም። ሐጅ ሄጄ ካዕባው ፊት ቆሜ ስለ ሌላው ወንጀሌ ሁሉ እንባዬ እስኪደርቅ ሳለቅስ፣ ይህቺን ግን ዘለልኳት። አላህ ፊት የዘለልኳትን ነው ዛሬ ላንተ የምነግርህ። ለምን ላንተ? ፊትህን ስለማላየው። ፈሪ ነኝ፤ ከዚሁ እወቀኝ።

ከሚሴ ላይ ሱቅ ነበረኝ፤ ልቤ ግን ሱቁ ውስጥ አልነበረም። ልቤ ያለው ከሎንግ ቤዟ መኪናዬ ጋር ነበር። አሮጌ ናት፣ ግን ቀለሟን በቅርቡ አስቀብቻታለሁ፣ ሞተሯም አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። ከቁርኣን ቤት ጀምሮ አብሮኝ ያደገው ጓደኛዬ ሰይድ ደግሞ አጭር ጂፕ ነበረችው። ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ሁለታችን ቦርከና ወንዝ ወርደን መኪኖቻችንን እናጥባለን። አጥበን ስንጨርስ ጨፋ ሜዳ ላይ ጭቃ ውስጥ ገብተን መልሰን እናቆሽሻቸዋለን። ማን ሳይሰምጥ ተሻገረ፣ ማን ማንን በገመድ ጎተተ፣ ወሬያችን ይኸው ነበር። የሰይድ ሚስት ዘይነባ፣ "እኛ ስንታመም ያልፍላችኋል ትላላችሁ፣ እነዚህ ሲያስነጥሳቸው ግን እንቅልፍ የላችሁም" እያለች ትስቅብናለች።

አንድ ክረምት ቦርከና ሞልቶ ሰይድ ተሻገረ፣ እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። በገመድ ያወጣኝ እሱ ነው። ሳቀብኝ። ወላሂ በክፋት አልሳቀም፤ እኔ ግን ሳምንት ሙሉ ውስጤ ሲበግን ከረመ። የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ አካሏን የሚሸከመውን የብረት ሞላ፣ ፈልጌ ከሥሯ ጨመርኩባትና ሎንግ ቤዟን ከፍ አደረግኳት። አቤት ስታምር! ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር የሚያያት። ግን አካሏ ከፍ ሲል ለኋላ ጎማዎቿ የፍሬን ዘይት የሚያደርሰው የላስቲክ ቱቦ አጠረ፣ ተወጠረ። ጨፋ ላይ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ተበጠሰ።

የሚበቃት ረጅም ቱቦ ከሚሴ አልተገኘም። ወይ ደሴ ሄጄ መፈለግ፣ ወይ ባሌስትራውን አውልቄ እንደ ድሮዋ ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። ዝቅ ማድረግ! ሰይድ እያየ! እኔ ምን አደረግኩ? ዘይቱ እንዳይፈስ ከቱቦው በላይ ያለችውን ቀጭን የብረት ቧንቧ በፒንሳ አጥፌ ደፈንኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሎንግ ቤዟ የምትቆመው በፊት ጎማዎቿ ፍሬን ብቻ ነበር። እኔ አውቅባታለሁ፤ ቁልቁለት ሲመጣ በከባድ ማርሽ ይዣት እወርዳለሁ፣ ፍሬኗን ብዙ አልነካም። ለማንም አልነገርኩም። ለሰይድም አልነገርኩም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሰዎች ጋር ጫት ላይ ተቀምጠናል። የማወራው ስለማን ይመስልሃል? ስለሷ ነዋ። ቦርከናን እንዴት እንደምትሰነጥቀው፣ ከከሚሴ እስከ ባቲ እሷን የሚያህል እንደሌለ። ሰይድ እያለከለከ ገባ። ከላይ ከደጋው አንዲት ፋጡማ የምትባል ሴት ምጥ ጠንቶባት ሁለተኛ ቀኗን ይዛለች፤ ባሏ በእግሩ ወርዶ በር ላይ ቆሟል። የሰይድ ጂፕ ሞተሯ ወርዶ ግቢው ውስጥ ተበታትኗል።

"ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ቁልፍህን" አለኝ።

ተነስቼ ራሴ መሄድ እችል ነበር። መንገዱን አውቀዋለሁ፣ መኪናዋን አውቃታለሁ። ግን ምርቃናው ገና መያዙ ነበር፣ ተመቻችቼ ጋደም ብያለሁ። "የኋላ ፍሬን የላትም" ማለትም እችል ነበር። ያን ሁሉ ስፎክር ቆይቼ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? እሺ፣ ወጣ ብዬ በጆሮው "በከባድ ማርሽ ውረድ" ብለውስ? ሦስት ቃል ነው። ሦስት ቃል ሰሰትኩ። ቁልፉን ወረወርኩለትና ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? "ቀለሟን እንዳታስጭርብኝ!" አልኩ። ሰዎቹ መረቁኝ። ኸይር ሥራህን አላህ ይቀበልህ አሉኝ። አሚን አልኩ።

ሴትየዋን ጭነው ሲመለሱ፣ ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ጋለና እምቢ አለው። ሰይድ ገደል እንዳይገባ ወደ ተራራው ሊያስጠጋት መሪውን ሲጠመዝዝ፣ እኔ ከፍ ያደረግኳት መኪና ተገለበጠች። ፋጡማ ከነፅንሷ እዚያው ሞተች። ባሏ ተረፈ። የሰይድ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ።

እዚህ ላይ ባበቃ፣ ስህተት ነው፣ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው ብለህ ልታዝንልኝ ትችል ነበር። አትዘንልኝ፤ ገና አልነገርኩህም።

ወሬው እንደደረሰኝ በሰው ሞተር ሳይክል በርሬ ሄድኩ። ትራፊክ ፖሊሱ አልደረሰም። ሰው ሬሳውን ሸፍኖ ቆሟል፣ ሰይድ መንገድ ዳር ተኝቶ ያቃስታል። አየኝ፤ ስሜን ጠራኝ። አልፌው ሄጄ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ሰዉ ለንብረቴ የማለቅስ መስሎት ዘወር አለልኝ። ያቺን የታጠፈች ቧንቧ ቆርጬ ኪሴ ከተትኳት። በምን ቆረጥካት አትለኝም? ከቤት ስወጣ ፒንሳዬን ይዤ ነበር የወጣሁት። ውሃ አልያዝኩም፣ ጨርቅ አልያዝኩም፣ ፒንሳ ያዝኩ።

ትራፊኩ መጥቶ አየና ቱቦው የተበጠሰው ስትገለበጥ ነው አለ። ጠየቀኝ። "ፍሬኗ ደህና ነበር፣ በዚህ ሳምንት ራሴ አይቼዋለሁ። ሰይድ ግን ፍጥነት ይወዳል" አልኩ። እኔ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም ቃሉን አፌ ውስጥ አላስገባም። ሰይድ ፍርድ ቤት ቆሞ ፍሬኑ እምቢ አለኝ ቢል ማን ይስማው? ሰው የገደለ ሾፌር ሁሉ የሚለው ያንኑ ነው። ታሰረ።

ደሙ እንዲደርቅ ሽማግሌ ተቀመጠ። ለካሳው የሰይድ ጂፕ ተበታትና እንዳለች ተሸጠች። በእርቁ ቀን የሰይድ አባት ሼኽ አሊ፣ እኒያ በከሚሴ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው የሚነሳላቸው ሽማግሌ፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው በፋጡማ ዘመዶች ፊት ጎንበስ አሉ። እኔ የት የተቀመጥኩ ይመስልሃል? መኪናው የጠፋበት ተበዳይ ተብዬ ከፋጡማ ዘመዶች ጎን ነበርኩ። ያ ድንጋይ የኔ ነበር። ተነስቼ ከአንገታቸው ላይ ማውረድ ነበረብኝ። እኔ ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተክዬ ዱዓ ሲደረግ እጄን ዘረጋሁ።

ሰይድ ሲፈታ ቤቱ እንኳ ሳይገባ በምርኩዝ እያነከሰ ሱቄ መጣ። ከስቶ ነበር። እኛ ዘንድ ይቅርታ የሚጠየቀው አፉ በለኝ ተብሎ ነው።

"መኪናህን አጠፋሁብህ" አለኝ። "ፍሬኑ ነው እያልኩ ስምህንም አነሳሁ። አሁን አሁንማ እኔም ራሴን አላምነውም፤ እውነትም ፈጥኜ ይሆናል። አፉ በለኝ።"

ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እሱና እኔ ብቻ። ከዚያ የተሻለ ቦታ፣ ከዚያ የተሻለ ሰዓት አላህ ከየት ያምጣልኝ? "አፉ ብዬሃለሁ" አልኩት። አቀፍኩት። ትከሻዬ ላይ አለቀሰ፣ ደግሞም አመሰገነኝ።

ከዚያ በኋላ መሪ ጨብጦ አያውቅም። እሁድ ወደ ሰንበቴ ከተማ ገበያ ሲሄድ አውቶቡሱ ውስጥ መጨረሻ ወንበር ይይዛል፣ ቁልቁለት ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ሌላ መኪና ገዛሁ። ዐርብ ዐርብ ቦርከና ወርጄ ሳጥባት እሱ በድልድዩ በኩል ካለፈ እጁን ያነሳልኛል። እኔም አነሳለታለሁ። ስንት ዓመት እንደዚያ ኖርን!

አምና ሞተ። ሬሳው ሊሰገድበት ተቀምጦ ሳለ ኢማሙ እንደ ወጉ ዞረው፣ ይህ ሰው የበደለው፣ እሱ ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይናገር፣ ወይም አፉ ይበለው አሉ። ሰዉ በአንድ ድምፅ አፉ ብለነዋል አለ። ከዚያ ጥቂት ሰዎች ወደ እኔ ዞሩ፤ የመኪናዋ ነገር ትዝ ብሏቸው ነው። የሰይድ ልጅም በቀላ ዓይኑ አየኝ። ጠበቁኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "እኔም አፉ ብዬዋለሁ" አልኩ።

ዘይነባ ዛሬም በሕይወት አለች። የፋጡማ ባልም አለ። የሁለቱንም በር አውቀዋለሁ፤ በየሳምንቱ አልፈዋለሁ። ቧንቧዋም የመፍቻ ሳጥኔ ውስጥ፣ ፒንሳው አጠገብ አለች። ዘመኑ ነው፣ ጫቱ ነው፣ ወጣትነት ነው አልልም። እኔ ነኝ። አንተንም አፉ በለኝ ብዬ አላስቸግርህም፤ ሐቁ ያንተ አይደለም። ሐቁ የሰይድ ነበር፤ እሱ ደግሞ እኔን አፉ በለኝ ብሎ ለምኖኝ ነው የሄደው።