በእኔ ጎጆ ያደገው ዘፋኝ

«ዘፋኝ በድህነት ካላደገ ማን ያለቅስለታል?» ያለኝ ሰባተኛ ክፍል አብረን ስንማር ነው። አባቱ አሶሳ ገበያ ትልቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ትምህርት ቤት በብስክሌት የሚመጣውም እሱ ብቻ ነበር። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ አገባሁ፤ እሱ አዲስ የተመሠረተው ክልላችን ያቋቋመው የኪነት ቡድን ውስጥ ገብቶ ስሙ ገነነ።

አንድ ቀን ልጄን ታቅፌ ደጅ ተቀምጬ ሳለ የሬዲዮ ጋዜጠኛ አስከትሎ መጣ። በዓይኑ ጠቀሰኝና ወደ ሣር ጎጆዬ እያሳየ፣ «ያደግኩት እዚህች ደሳሳ ቤት ነው። እናቴን ከወንዝ ውሃ እየቀዳሁ ነው የረዳኋት» አለ። ወንዙን የሚያውቀው ብስክሌቱን ሲያጥብበት ነው! ጋዜጠኛው እንባውን ይጠርጋል። ባለቤቴ በዚያው ሳምንት አዲስ ሣር ያለበሰው ቤታችን በአገር ፊት የችጋር ምስክር ሊሆን ነው።

አማቴ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ አማርኛቸው አጭር ነው። ድምፅ ሰምተው ብቅ ሲሉ ዘፋኙ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ።

«እማዬ!»

«አንተ ልጄ ነው?»

«ልጅሽ ነኝ፣ እማዬ!»

«አልሐምዱሊላህ! ውሃ አልቋል።»

ጋዜጠኛው ማይኩን ወደ እሱ አዞረ። እኔም ሁለት ባዶ ጀሪካን አምጥቼ አስያዝኩት።