ጆሮ ትልቁ በረኛ

ይሄን ነገር መጀመሪያ የነገረኝ ፀጉር አስተካካዩ ነው። እሱ ሰውዬ መቀሱን ይዞ ሲያወራ እውነቱን ነው፤ መቀሱን ሲያስቀምጥ ነው መጠርጠር ያለበት። የዚያን ቀን ግማሽ ራሴን ላጭቶ "ቆይ አንድ ጊዜ" አለኝና ወደ መስኮቱ ዞሮ አለቀሰ። ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ቆሞ ነው ሰምቼ የጨረስኩት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ኮምፒውተር የሚሉትንም በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ ግን አንዴ የሰማሁትን ከነሳሉ ነው የምደግመው። እንደኔ የሚያወራ ካለ ይምጣና እንወራረድ።

ፍሪጅ ጠጋኙን እዚያ ሰፈር የማያውቀው የለም። ፍሪጅ ተሸክመው ሲመጡ ያንን ትልቅ ጆሮውን ብረቱ ላይ ይለጥፍና "ሞተሩ ደህና ነው፣ ጋዙ ነው ያመለጠው" ይላል። አይስትም። ፍሪጅ ካነሳን አይቀር፣ ሦስት ጎረምሳ ያቃተውን ፍሪጅ እኔ ብቻዬን በደረጃ አውጥቼ አውቃለሁ፤ ያኔ ወገቤ ወገብ ነበር። ተዉት፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ከሱቁ ጀርባ፣ በተፈቱ የፍሪጅ በሮች መሃል፣ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር አለች። እሁድ ከሰዓት አራት ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ጠጋኙ፣ ታናሽ ወንድሙ፣ ፀጉር አስተካካዩና ባለታክሲው። የሚጫወቱት ኳስ ነው፤ የሚሮጥ ግን የለም። እያንዳንዳቸው ቡድን አላቸው፣ ኮምፒውተሯ ታጋጥማቸዋለች፣ እነሱ ቁጭ ብለው ይንጫጫሉ። በየውድድሩ መጀመሪያ ኮምፒውተሯ አዳጊ ተጫዋቾችን ከራሷ ትፈጥራለች። እናት የላቸው፣ አባት የላቸው፣ ፎቶና ቁጥር ብቻ። ፍጥነቱ ይሄን ያህል፣ ምቱ ይሄን ያህል፣ ዛሬ ስንት እንደሆነ፣ ቢያድግ ስንት እንደሚደርስ፣ ሁሉም ከመቶ። ከዚያ በተራ ይመርጣሉ። ባለፈው መጨረሻ የወጣ ዘንድሮ መጀመሪያ ይመርጣል።

ጠጋኙ በዚህ ነገር ጉድ ነው። "ሚዛን" የሚል ስም ያወጡለት ለዚህ ነው። ሌላው ትልቁን ቁጥር ሲያይ እሱ ከታች ያሉትን ደቃቆቹን ያያል። "ሰባ አምስት ነው ትላለህ፤ ትንፋሹን እየው፣ ሃምሳ! ከእረፍት በኋላ በቃሬዛ ነው የሚወጣልህ" ይላል፤ እንዳለውም ይሆናል። ፎቶ የሚባል አያይም። "ሚስት ልድርለት ነው እንዴ መልኩን የማየው?" ይላል።

ታናሽየው ደግሞ ፎቶ ብቻ ነው የሚያየው። አንዱን "ሳይበላ ያደረ ይመስላል፣ እንዴት ትቼው ልሂድ" ብሎ ይወስዳል። በመጀመሪያው ውድድር አንድ ጎፈሬ በጎፈሬው ብቻ መርጦ፣ የልጁ ቁጥር ከመቶ አርባ አንድ ሆኖ ተገኘ። እስከ ዛሬ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው፤ አላባርርም አለ። ሁሌ መጨረሻ ይወጣል፣ ሁሌ ይስቃል። እናትና አባታቸው ቶሎ ስለሞቱ ያሳደገው ሚዛን ነው። ስለዚህ "ጋሼ" ነው የሚለው፤ ሲያበሽቀውም ጋሼ ነው።

አንድ ጊዜ ላይ የታናሽየው ልብ ደከመ። ሐኪሙ ሚዛንን ለብቻው ጠርቶ ብዙ እንደማይቆይ ነገረው። ሚዛን ከዚያ ወዲያ ሳይወድ በግዱ ወንድሙን እንደ ተጫዋች ያየው ጀመር። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹን፣ ብርጭቆ ሲያነሳ እጁን። ቁጥሩ ሲወርድ ይታየዋል፤ ወደ ላይ የሚሄድ አንድም የለም። አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፤ ወንድሙ ሳይሞት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ዋንጫ ያንሳ።

እንደ ምኞቱ ኮምፒውተሯ አንድ ጉደኛ አጥቂ አመጣች። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሰማንያ ሁለት፣ ሲያድግ ዘጠና ሰባት። የመጀመሪያው ተራ ደግሞ የታናሽየው።

"ይሄን ውሰድ" አለው ሚዛን። "ዓይንህን ጨፍነህ ውሰድ።"

"ቆይ እንጂ ጋሼ፣ ሌሎቹም ይታዩ።"

ወረደ፣ ወረደ፣ ታች ድረስ ወረደ። አንድ በረኛ ላይ ሲደርስ ቆመና ፊቱ በራ። ሃምሳ ስምንት! ጆሮው ይሄን የሚያህል፣ ግራው ወደ ውጭ የወጣ፣ ግንባሩ የተኮሳተረ።

"እሱን ነው የምፈልገው።"

"አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ጆሮ ንፋስ ሲመጣ ከነጎሉ ያነሳዋል እኮ!" አለ ባለታክሲው።

ሚዛን አልሳቀም። ደሙ ፈላ። "ዕድሜህን ሙሉ መምረጥ አታውቅም! ሰው እየነገረህ አትሰማ! ለዚህ ነው መጨረሻ የምትሆነው፤ መጨረሻ እንደሆንክ ትቀራታለህ!"

ታናሽየው ፈገግ ብሎ "ይሁና ጋሼ። በረኛዬ ግን እሱ ነው" አለና ፎቶውን ተጫነው። ሚዛን ወንድሙን ሐኪም ቤት ሲያመላልስ ቡድኑን ረስቶ ሦስተኛ ወጥቶ ስለነበር ቀጣዩ ተራ የእሱ ነው፤ በንዴት አጥቂውን ወሰደ።

ታናሽየው ብዙም ሳይቆይ አልጋ ያዘ። ሚዛን አጠገቡ ተቀምጦ ትራሱን ያስተካክላል። ይቅር በለኝ ሊል አፉን ይከፍትና "ውሃ ላምጣልህ?" ይላል። ያመጣል። እንደገና አፉን ይከፍታል፣ እንደገና ውሃ። አንድ ረፋድ ውሃውን ይዞ ሲመለስ ወንድሙ የለም።

ከቀብሩ በኋላ የሟች ቡድን ለሚስቱ ይሁን ተባለ። ልትመጣ በተባለበት እሁድ፣ ሚዛን ሐዘን ላይ ያደገ ፀጉሩን ሊቆረጥ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ገባ። አስተካካዩ ጆሮውን አጥፎ እየቆረጠ፣ አላስችል አለው።

"ያንን በረኛ አይተኸዋል?"

"ሃምሳ ስምንት ነው።"

"ቁጥሩን መች ጠየቅኩህ? ፊቱን።"

"ፊቱ ምን አለው?"

አስተካካዩ ወንበሩን ወደ መስታወቱ አዞረው። "ይሄን ጆሮ እኮ ስንት ዘመን አጥፌ ቆርጫለሁ። ገና ሲመርጠው ነው ያወቅኩት፤ ዝም በል ብሎ ጠቀሰኝ። ኋላ 'ጋሼ ጎል ላይ ከቆመልኝ ብሸነፍም ግድ የለኝም' አለኝ።"

ሚዛን መስታወቱን አየ፣ አየ። ከዚያ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ወጥቶ ሄደ።

ሱቁ ሲደርስ ባለታክሲው ለሚስትየው አጨዋወቱን ያሳያታል። "በረኛውን አምጡልኝ" አለ። አመጡለት። ስንቱን ደቃቅ ቁጥር የሚለይ ዓይን፣ የራሱን ፊት ገና አሁን አየ።

"እህቴ፣ ይሄን ልጅ ሽጪልኝ። አጥቂዬን ውሰጂ።"

"አይሸጥም፣ ጋሼ።"

"ሌላም እጨምራለሁ።"

"አይሆንም። አልጋ ላይ ሆኖ 'ሁሉንም ብትሸጪ ጋሼን እንዳትሸጪው' ብሎኛል። እኔ ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባጥረው ብዬ ነበር። አሁን ነው የገባኝ።"

ሚዛን ፎጣውን ፊቱ ላይ አደረገው። ቆይቶ "እንግዲያስ አጥቂውን ዝም ብለሽ ውሰጂው" አላት።

"በነፃ ክልክል ነው" አለ ባለታክሲው፣ ቀስ ብሎ። "ራስህ ያወጣኸው ሕግ ነው፤ ምትክ ካልወሰድክ አይፀድቅም።"

"ጎፈሬውን ስጪኝ።"

"ኧረ ጋሼ! እሱ ምን ይሠራልዎታል?"

"ይቀመጥልኛል።"

ፀጉር አስተካካዩም ሱቁን ዘግቶ ተከትሎት መጥቶ ነበር። እሱና ባለታክሲው እጃቸውን አወጡ፣ ፀደቀ። ኮምፒውተሯ ግን ልውውጡ ከባድ ኪሳራ ነው፣ ይቀጥል ወይ ብላ ጠየቀችው። ይቀጥል አለ።

በዚያ ውድድር የታናሽየው ቡድን ዋንጫ በላ። ሚዛን መጨረሻ ወጣ፤ ጎፈሬው አርጅቶ ኳስ አቆመ። ልውውጡ በተደረገ በነጋታው ግን ሚዛን ፎጣውን አጥቦ አጣጥፎ ለፀጉር አስተካካዩ ወሰደለት፤ ያን ቀን ሳይከፍል የወጣበትንም ሒሳብ አወጣ። አስተካካዩ ፎጣውን ተቀበለው። ብሩን መልሶ ኪሱ ከተተለትና ወንበሩን እያሳየው፣

"ቁጭ በል፤ ግራውን ሳልጨርስልህ ነው የሄድከው" አለው።