የእትዬ መቀስ እጅ

እትዬ መቀስ በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት ልብስ ቆራጭ በሃያ ሰባት ዓመት የሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርቅ ያበላሹት ሐሙስ ጥር 9 ቀን፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ነበር። ጨርቁ ለደንበኛ ኮት የመጣ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው። መቀሱ የጠመኔውን መስመር ይዞ እስከ ብብቱ በደኅና ከሄደ በኋላ ድንገት ወደ ውስጥ ሸሸ፤ የኮቱም ግራ ደረት የሁለት ጣት ያህል ጎደለ።

«ዶልዱሟል» ብለው ጥፋቱን ለመቀሱ ሰጡት። መቀሱ ተስሎ መጣ። በሳምንቱ ደግሞ አንድ ሱሪ ተበላሸ።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ወጣት ነው፤ ቤቱን ከአባቱ ነው የተረከበው። አንገቱን ደፍቶ ቀረባቸው።

«እትዬ፣ አባቴ ያስቀመጠዎትን እርስዎን እኔ መናገር አይገባኝም። ግን ለሦስተኛ ጊዜ ከተደገመ በኤሌክትሪክ የሚቆርጥ መኪና አስገባለሁ።»

«አስገባ ልጄ! ልክ የሚወስድልህ ማን ነው ታዲያ? ሶኬቱ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን የሚንቀጠቀጡ ጣቶቻቸውን ከሽርጣቸው ሥር ሸሸጉ።

የነገሩ ሥር ሁለት ወር ወደ ኋላ ይሄዳል። ያን ሰሞን እትዬ መቀስ ወደ ስፌት ቤቱ የሚያወጣውን ደረጃ ሦስት ጊዜ እያረፉ ነበር የሚወጡት። ይህን ያየች፣ በስፌት ቤቱ የልብስ ቁልፍ የምትተክል ወጣት አንድ ነጭ ብልቃጥ አቀበለቻቸው።

«ያለ ሐኪም ወረቀት የሚሸጥ ነው፣ እትዬ። አንገት ላይ ያለችውን የታይሮይድ ዕጢ ያነቃል፤ ሆርሞን ያስተካክላል። እኔን እንደ ሚዳቋ አድርጎኛል።»

«እሱስ እውነት ነው፤ ሥራ ትተሽ ስትዘዪ ነው የምትውዪው» አሏት፤ ብልቃጡን ግን ተቀበሉ።

የእኅቷን ልክ በወረቀት ጽፋ የመጣችን ደንበኛ «ራሷ ትምጣ፤ ባላየሁት ትከሻ መቀስ አላነሣም» ብለው ከደጅ የሚመልሱ ሴት፣ ማንም ያልለካላቸውን ክኒን ዋጡ። መጠኑንም የጠበበ ቀሚስ ከስፌቱ በጥቂቱ እንደሚለቀቅ ሁሉ በዓይን ግምት ይጨምሩት ጀመር፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ፣ በሁለተኛው አንድ፣ ከዚያም ሁለት። መጀመሪያ ላይ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ወጡት፤ የቀሚሳቸውንም ወገብ ሁለት ጊዜ አጠበቡ። ሰውም «ወጣትነትዎ ተመለሰ» አላቸው። ሁለተኛው ወር ሲጋመስ ግን እንቅልፍ ራቃቸው፤ ሌላው ሹራብ ደርቦ እሳቸው ያልባቸዋል፤ በተቀመጡበትም ልባቸው ይጋልባል።

ሰኞ ጥር 20 ቀን ሦስተኛው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። መቀስ ከማንሣታቸው በፊት በጠመኔ መስመር አሰመሩ፤ መስመሩ እንደ ትል ተጣመመ። ጠመኔ አይዶለዱምም። ሽርጣቸውን ፈቱ፤ ብልቃጡን በቦርሳቸው ከተቱና በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ሄዱ።

ሐኪሙ እጃቸውን አዘርግቶ በጣቶቻቸው ላይ ስስ ወረቀት አኖረ። ወረቀቱ ተርገፈገፈ።

«ይህን ክኒን ማን አዘዘልዎት?»

«ራሴ ነኝ።»

«ልብስ ቆራጭ ነኝ ብለውኛል፤ እርስዎ ልክ ሳይወስዱ ይቆርጣሉ?»

እትዬ መቀስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ለደም ምርመራ ክንዳቸውን ሰጡ። የደም ምርመራው ውጤት በደረሰ ጊዜ ሐኪሙ ሁሉንም ገለጠላቸው። ክኒኑ ውስጥ መጠኑ በብልቃጡ ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን ሳይኖር አይቀርም፤ የገዛ ዕጢያቸው ሥራዋን ልታቆም ተቃርባለች፤ በዚሁ ከቀጠሉ የልባቸው ምት ሊዛባ፣ ውሎ አድሮም አጥንታቸው ሊሳሳ ይችላል። የቀድሞው ድካም ደግሞ ከዕጢዋ ሳይሆን ከደም ማነስ የመጣ ነበር።

«የተቀደደ ላይ ገበር ደረብኩበት በለኛ» አሉ።

በማግስቱ ከባለቤቱ ፊት ቆሙ። «ሐኪሙ ‹ድነዋል› እስኪለኝ መቀስ አልይዝም። ጠረጴዛውን ግን አልለቅም። ልክ እኔ እወስዳለሁ፤ ቁልፍ ተካይዋ እያየኋት ትቆርጣለች።» ወደ ልጅቱም ዞሩ። «አንቺ ግን አስቀድመሽ ተመርመሪ።»

«እኔ እኮ ደኅና ነኝ፣ እትዬ!»

«እኔም ደኅና ነበርኩ። ሱፉን ጠይቂው!»

ክኒኑ ሲቀር ድካሙ አይሎ ተመለሰ። «ግማሿን እንኳ ይዋጡ» የሚል መካሪም አልጠፋም። እሳቸው ሐኪሙ ካዘዘው ሌላ ምንም መድኃኒት ወደ አፋቸው አላስገቡም። በየጠዋቱ በጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ላይ ያለ ማስመሪያ አንድ የጠመኔ መስመር እያሰመሩ ጨርቁን በግድግዳው ላይ ይሰቅሉ ጀመር። በስድስተኛው ሳምንት መስመሩ አሁንም ጥቂት ይወላገድ ነበር፤ የደሙም ውጤት ገና አልተስተካከለም። ባለቤቱ አጉረመረመ፤ እሳቸው ሌላ ስድስት ሳምንት ጨመሩ።

ሐሙስ ሚያዝያ 17 ቀን፣ ሐኪሙ ከፈቀደላቸው በኋላ፣ እትዬ መቀስ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ዘርግተው ኮት ቆረጡ። ከዚያም ዘጠኝ ዓመት በዚያው ጠረጴዛ ሠሩ፤ ሦስተኛ ጨርቅ አላበላሹም፤ ቁልፍ ተካይዋንም ቆራጭ አደረጓት።